ጎጆዬን ላፍርሰው ወይስ ላድሰው?

ፊደል ለይታችሁ፣ ቃል ገጣጥማችሁ ማንበብ ጀምራችኋል። ዛሬ የምናነበው ሁላችንም ስለምናውቀው ስለ ጎጆ ቤት ነው።

እስቲ አንድ ጎጆ አስቡ። ብዙ ክረምት አሳልፏል። ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል። ክዳኑ በመኝታው በኩል ያፈሳል። ልጆች በዝተዋል፤ ቤቱ ጠቧል። በሬውም ምድጃውም እዚያው ውስጥ ነው። ባልየው፣ «አፍርሰን ቆርቆሮ ቤት እንሥራ» ይላል። ሚስትየዋ ደግሞ፣ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በሬውን ሸጠን በምን ልናርስ ነው?» ትላለች። ማን ነው ትክክል? ለመፍረድ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የቤቱን ሕመም እንወቅ።

ጎጆን የሚጥለው ዕድሜው ብቻ አይደለም። ዋናው ጠላቱ ውሃ ነው። ውሃ በራሱም በእግሩም ይገባል። ክዳኑ ሲሳሳ ዝናብ ወራጁንና ማገሩን ያበሰብሳል። ከጣራው የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር ሲተኛ ደግሞ የቋሚው እግር ይበሰብሳል። ምስጥም ይከተላል። ስለዚህ የአገር ባለሙያ ጠርታችሁ ቤቱን አስመርምሩ። ባለሙያው ቋሚውን በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ ያደርጋል። ደኅናው እንጨት ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። ምሰሶውና አብዛኛው ቋሚ ደኅና ከሆነ ቤቱ ይድናል።

በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜ አገር፣ ሰዎች ከቀርከሃ ረዣዥም ጎጆ ይሠራሉ። ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላውን ይቆርጣሉ። ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይጣልም። ሲያስፈልግም ብዙ ሰው ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። አያችሁ? እግሩ ታመመ ተብሎ ቤት በሙሉ አይፈርስም።

እድሳቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ወራጁን በጠንካራ እንጨት ደግፉ። ከዚያ የበሰበሰውን ቋሚ አንድ በአንድ ለውጡ። ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቋሚዎች በአንድ ጊዜ አትንቀሉ። ጥድ ወይም ወይራ ከተገኘ ምስጥን ይችላል። ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን እግሩን በእሳት ለብልቡት። ግድግዳው ሥር ድንጋይ ደርድሩ። ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ ቆፍሩ። ለምርጊቱ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ርገጡት። ጥቂት ቀን ይብላላ፤ እንደገና ይረገጥ። እንዲህ የቦካ ጭቃ ሲደርቅ ብዙ አይሰነጠቅም።

ለክዳን የሚሆነውን ሰምበሌጥ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ሲደርቅ እጨዱ። ሥራውን ሰኔ ሳይገባ ጨርሱ። የክዳኑ ውፍረት ከአንድ ስንዝር አይነስ። የጣራው ጠርዝ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ወጣ ይበል። ጣራው ቀጥ ብሎ የሚወርድ ይሁን። ጣራው ከተለጠጠ ውሃ ይተኛበታል።

አሁን ወደ ማስፋቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ቁጥር ይጠቅመናል። መሬት ላይ ችካል ትከሉ። 3 ሜትር ገመድ አስራችሁ ዙሩ። ግድግዳው ወደ 19 ሜትር ይሆናል። ውስጡ ያለው ወለል ወደ 28 ካሬ ሜትር ነው። በዚያው 19 ሜትር ግድግዳ አራት ጎኑ እኩል የሆነ ቤት ብትሠሩ ወለሉ ከ23 ካሬ ሜትር አይበልጥም። አባቶቻችን ክብ ቤት ሲሠሩ በትንሽ ግድግዳ ብዙ ቦታ አገኙ ማለት ነው። ገመዱን 4 ሜትር ብታደርጉት ደግሞ ወለሉ 50 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ታዲያ ግድግዳውን በአንድ ሜትር ማስፋት አይሻልም? ይሻል ነበር፤ ነገር ግን ጣራውም አብሮ ከፍ ማለት አለበት። ረዥም ወራጅ ያስፈልጋል። ይህም አዲስ ቤት ከመሥራት አይተናነስም። ስለዚህ ከጎኑ ሌላ ትንሽ ጎጆ መሥራት ይቀላል።

ሁለቱን ቤቶች ስታገናኙ ሁለት ነገር ጠብቁ። አንደኛው ማገሩን ነው። ጣራው ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል። ማገሩ ግን ዙሪያውን እንደ መቀነት አጥብቆ ይይዘዋል። መቀነት ሲቆረጥ ምን ይሆናል? ልብሱ ይላላል። አዲስ በር ስትከፍቱ አስቀድማችሁ መቃን አቁሙ። የተቆረጠውን የማገር ጫፍ ከመቃኑ ጋር እሰሩ። የላይኛውን ማገር ግን ፈጽሞ አትቁረጡ። ሁለተኛው ጣራውን ነው። ሁለት የሣር ጣራዎች ከተነካኩ መገጣጠሚያው ውሃ ይይዛል፤ ቶሎም ይበሰብሳል። መተላለፊያውን ዝቅ ባለ ጣራ ሥሩ፤ ከትልቁ ጣራ ጠርዝ ሥር ይግባ። ውሃው በአሸንዳ ይውረድ።

ወጥ ቤቱ ግን ከዚህ ጋር አይያያዝ። ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ፍንጣሪ ወደ ጎጆው በማያመጣበት በኩል ይሠራ። የምድጃ ጭስ የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ሕፃናትንም ለሳንባ ምች ያጋልጣል። በሬውም የራሱ ጋጣ ይኑረው። ምድጃውና በሬው ሲወጡ አሮጌው ጎጆ ራሱ ይሰፋል! አንድ ነገር ግን አትርሱ። ጭሱ ከክዳኑ ነፍሳትን ያርቅ ነበር። ምድጃው ከወጣ በኋላ ክዳኑን በየዓመቱ መርምሩ።

እንግዲህ ማን ነበር ትክክል? ባልየው ቤቱ ጠቧል ማለቱ እውነት ነው። ሚስትየዋም በሬው አይሸጥ ማለቷ እውነት ነው። ቤቱ ሲታደስ የሁለቱም ሐሳብ ይፈጸማል። ቆርቆሮ መጥፎ ነው አንልም። ዝናብ ያስጥላል፤ እንደ ሣር በየጊዜው አይለወጥም። ግን የሚያርሰውን በሬ ሸጦ ቆርቆሮ መግዛት ጣራ ገዝቶ ጎተራን ባዶ ማድረግ ነው።

ለጉልበቱ ደቦ ጥሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ለባለሙያው ግን ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዛሬ መጻፍ ትችላላችሁ። ስለዚህ ጻፉት! ስንት ቋሚ፣ ስንት ሸክም ሣር፣ ስንት ቀን፣ ስንት ብር? ሁለታችሁም ፈርሙ። አፍ ይረሳል፤ ወረቀት አይረሳም።

ለዛሬው ይበቃናል። ደኅና ሁኑ!

ጥያቄዎች
1. ውሃ ወደ ጎጆ የሚገባው በየት በየት በኩል ነው?
2. የላይኛው ማገር ለምን አይቆረጥም?
3. የእናንተን ቤት በገመድ ለኩ። ከመሐል እስከ ግድግዳው ስንት ሜትር ነው? በደብተራችሁ ጻፉ።