ቀዝቃዛ ፕላዝማና የሕክምና ዕቃ ሽፋን
ፕላዝማ ከአተሞቹ ቢያንስ ከፊሎቹ ኤሌክትሮን የተነጠቁበት ጋዝ ነው። በክረምት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጋራ ላይ የሚወርደው መብረቅም ፕላዝማ ነው፤ ሙቀቱ ግን ወደ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። የሕክምና ዕቃ የሚሸፈነው የፍሎረሰንት አምፖል ዘመድ በሆነው ቀዝቃዛ ፕላዝማ ነው። አየሩ በተመጠጠ ታንክ ውስጥ ጥቂት ጋዝ ገብቶ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት፣ ቀላሎቹ ኤሌክትሮኖች ከ10,000 ዲግሪ በላይ ይግላሉ፤ ከባዶቹ አተሞች ግን ለብ ከማለት ብዙም አያልፉም። ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፦ ሙቀት የማይችለው የፕላስቲክ ካቴተር (ወደ ሰውነት የሚገባ ቀጭን ቱቦ) እንኳ ቅርጹን ሳያጣ ይሸፈናል። አሴቲሊን ሲገባ ሞለኪውሉ ይሰባበርና ካርቦኑ ዕቃው ላይ እያረፈ፣ ከፀጉር እጅግ የሳሳ አልማዝ መሰል ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ኒኬል ያለበት ስቴንት (የደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ወደ ደም የሚለቀውን ኒኬል ይቀንሳል። ዕቃው በደንብ ካልጸዳ ግን ሽፋኑ ይላጣል፤ ስለዚህ ዕቃው አስቀድሞ በአርጎን ፕላዝማ ይጸዳል።