ስሙን ከቅጥረኞቹ የወሰደ ዕጢ

ራጁ መብራት ላይ ሲሰቀል ከጉልበት በላይ ያለው የጭን አጥንት ጫፍ ውስጡ ተቦርቡሮ ይታያል፤ ዙሪያው እንደ እንቁላል ቅርፊት ሳስቷል። ታማሚው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለ፣ ሌላ ሕመም የማያውቅ ሰው ነው። «ኳስ ላይ ተመትቼ ይሆናል» እያለ ወራት አሳልፏል፤ ወጌሻ ዘንድም ታሽቶ ይሆናል። ሕመሙ ጃይንት ሴል (ግዙፍ ሴል) የሚባለው የአጥንት ዕጢ ነው።

ካንሰር አይደለም ይባላል። ማጽናኛው ግን ግማሽ ነው፤ አጥንት በልቶ ይሰብራል፣ ከተጠረገ በኋላ ይመለሳል፣ በጥቂቶች ላይ ሳንባ ድረስ ይሄዳል።

ስሙም ያሳስታል። በማይክሮስኮፕ ዐይን የሚስበው ብዙ ኒውክሊየስ ያጨቀው ግዙፍ ሴል ነው፤ ስያሜው ከእሱ መጣ። ዕጢው ግን እሱ አይደለም። ባለቤቱ በግዙፎቹ መካከል ተሰግስጎ ልብ የማይባለው ትንሽ ሴል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ከ10 ታማሚዎች በ9ኙ ገደማ ሂስቶን የተባለውን ፕሮቲን በሚሠራ ጂን ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት አገኘ፤ ስሕተቱ ያለው በትንንሾቹ ሴሎች ውስጥ ነው። እነሱ ራንክል የተባለ መልእክት ይረጫሉ፣ ግዙፎቹ ጥሪውን ሰምተው አጥንት ይበላሉ። አሠሪና ቅጥረኛ ናቸው።

ራንክልን የሚይዘው መድኃኒት ዴኖሱማብ ይባላል፤ ለአጥንት መሳሳትም ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ላንሴት ኦንኮሎጂ ላይ በታተመው ሙከራ ከ35 ታማሚዎች 30ዎቹ ላይ ዕጢው ምላሽ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቀዶ ሕክምና ለማይቻልላቸው ወይም ከባድ ጉዳት ለሚያደርስባቸው ሰዎች ፈቀደው። 120 ሚሊግራም በየአራት ሳምንቱ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ በመጀመሪያው ወር በ8ኛውና በ15ኛው ቀን ተጨማሪ መርፌ አለ።

ችግሩ መድኃኒቱ ቅጥረኞቹን ማባረሩ እንጂ አሠሪውን አለመግደሉ ነው። መርፌው ሲቆም ዕጢው ሊያገረሽ ይችላል። ከዚህም የባሰ፣ ሕክምናው የሚያበቅለው አዲስ አጥንት ትንንሾቹን ሴሎች ይደብቃቸዋል፤ ሐኪሙ ዕጢውን ሲፍቅ ድንበሩ አይታየውም። ከመድኃኒቱ በኋላ በተፋቁ ታማሚዎች ላይ ዕጢው ይበልጥ እንደሚመለስ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ተፍቆ ሊወጣ ለሚችል ዕጢ መርፌውን ማስቀደም ለእኔ ብልህነት አይመስለኝም።

ክትትሉ ላይ ግን አንድ ደስ የሚል ብልሃት አለ። ዕጢው ተፍቆ የወጣበት ጉድጓድ በአጥንት ሲሚንቶ ይሞላል። ሲሚንቶው ጉልበትን ከመደገፉም ሌላ ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። በዙሪያው ስስ ጥቁር መስመር መኖሩ የተለመደ ነው፤ ከቀጠሮ ቀጠሮ እየሰፋ ከመጣ ግን ዕጢው ተመልሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቀድሞ ራጆች አይጣሉም፤ አዲሱ የሚነበበው ከእነሱ ጎን ነው። ሳንባም አብሮ ይታያል። መርፌ ላይ ያሉት ደግሞ ካልሲየማቸው እንዳይወርድ ደማቸው ይመረመራል፤ የመንጋጋ አጥንት እንዳይሞትም መርፌው ሳይጀመር ጥርሳቸው መታየት አለበት።

እርስዎም ጉልበትዎ ወይም የእጅ አንጓዎ አካባቢ ሳምንታት የዘለቀ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም እብጠት ካለብዎ፣ ከመታሸትዎ በፊት ራጅ ይነሡ።