ክዳኑ የሚይዘውና የሚለቀው

በሚኒሶታ አሳማ የሚያረቡ ገበሬዎች ስለ ፍግ ማጠራቀሚያ ሲያማክሩኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ሽታውን የሚቀንስልን ርካሽ ክዳን የቱ ነው?» ብለው ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ያስቸገራችሁ የጎረቤት ስሞታ ነው፣ የሚባክነው ናይትሮጅን ነው፣ ወይስ ሚቴን? ለሦስቱም እኩል የሚሠራ ክዳን የለምና።

እዚህ ፈሳሽ ፍግ ለወራት ተጠራቅሞ በአብዛኛው ወደ ማሳ የሚወጣው በቆሎና አኩሪ አተር ከተሰበሰበ በኋላ ነው። የላም ፍግ ውስጥ ያለው የመኖና የጉዝጓዝ ቃጫ ተንሳፍፎ በራሱ ጊዜ ቅርፊት ይሠራል። የአሳማ ፍግ ግን ቃጫው ጥቂት ስለሆነ ፊቱ ብዙ ጊዜ ገላጣ ነው። ስለዚህ ቅርፊቱን እኛ እንሠራለታለን፤ የገብስ ወይም የስንዴ ጭድ በማሽን እየነፋን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እናለብሰዋለን።

ጭዱ ነፋስ ፈሳሹን በቀጥታ እንዳያገኘው ይከልላል፤ ናይትሮጅኑን ይዞ የሚሄደው አሞኒያም ቶሎ አያመልጥም። እርጥቡ ጭድ ላይ ኦክስጅን የሚፈልጉ ባክቴሪያዎች ይሰፍሩና ሃይድሮጂን ሰልፋይድንና ሌሎች ሽታ ያላቸውን ጋዞች ሲያልፉ ይበሏቸዋል። ክዳኑ አየር ባያሳልፍ ኖሮ ይህ ሥራ አይሠራም ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የአሞኒያ መመሪያ ለተንሳፋፊ ጭድ 40 በመቶ ገደማ፣ ለጠንካራ ጣሪያ ደግሞ 80 በመቶ ቅናሽ ይሰጣል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የዋጋቸውም እንዲሁ።

ጭድ ግን ይሰምጣል። እንደ ዝናቡና እንደ ነፋሱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ቢቆይ ነው። ካልተከተፈና በደንብ ካልተማሰለ ደግሞ በመምጠጫ ጊዜ ፓምፕ ይደፍናል። ጂኦቴክስታይል የሚባለው ጨርቅ ለዓመታት ያገለግላል፤ ፍጉን ማማሰልና መምጠጥን ግን ያከብዳል።

ሚቴን የሚፈጠረው አየር በማይደርስበት የማጠራቀሚያው ጥልቀት ስለሆነ አብዛኛው ጭዱን አልፎ ይወጣል። ቅርፊቱ ሲደርቅና ሲርስ ናይትረስ ኦክሳይድም ሊፈጠር ይችላል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ጭንቀቱ ሚቴን የሆነ ገበሬ ጋዙን ሰብስቦ ለማቃጠል የሚያስችል ድፍን የፕላስቲክ ክዳን ያስፈልገዋል።

ስለ ደኅንነትም ሳልናገር አላልፍም። ፍጉ ሲማሰል ከሥር የታመቀው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ በአንዴ ይለቀቃል፤ ያኔ ጭድ አያድንም። መጠኑ ሲበዛ አፍንጫ ስለሚደነዝዝ «አይሸተኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም። ማማሰያው ሲሠራ ሰውም ከብትም ይራቅ።

ከሁሉ የሚረሳው ማሳው ነው። ጭዱ ያቆየው ናይትሮጅን በፍጉ ውስጥ ወደ እርሻው ይሄዳል። እዚያ መሬት ላይ ተረጭቶ ከተተወ ብዙ አሞኒያ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይተናል፤ የወራቱ ድካም በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ይሆናል። ወደ አፈር ውስጥ ከተከተተ ግን ለሰብሉ ይደርሳል፤ ፍጉ ቀድሞ በላቦራቶሪ ከተመረመረ ደግሞ የሚገዛው ማዳበሪያ በዚያው ልክ ይቀነሳል። ስለዚህ ገበሬው ለጭድ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ፍጉን አፈር ውስጥ የሚከት መሣሪያ ማግኘት ይችል እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ካልቻለ በጀቱን መጀመሪያ ለዚያ እንዲያውል እመክረዋለሁ።