የመኪና ጌም ካሜራ ሲያስቸግር፤ ከፎርማት በፊት መታየት ያለባቸው

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ያቋርጣል። ቡሬ ላይ ደግሞ ወደ ነቀምት የሚያወርደው መንገድ ይገነጠላል። በዚህ መስመር ሲኖትራክና አይሱዙ ሲመላለስ እያየ ያደገ ልጅ የመኪና ጌም ቢወድ አይገርምም። ጌሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ነው፤ የሚጫነውም ብዙ ሰው በተጠቀመበት ኮምፒውተር ላይ ነው። መመሪያ አብሮት አይመጣም። ስለዚህ ካሜራው፣ ማለትም መኪናውና መንገዱ የሚታዩበት እይታ፣ ሲያስቸግር "ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ" ይባላል። ለካሜራ ችግር ግን ፎርማት የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሳይታወቅ በተነካ ቁልፍ፣ በጆይስቲክ፣ በማውስና በሴቲንግ ፋይል ወይም በማሽኑ አቅም ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቁልፍ ነው። የቼክ ሪፐብሊኩ ኤስሲኤስ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ውስጥ ከ1 እስከ 8 ያሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው እይታ አላቸው። 1 ከሹፌሩ ወንበር፣ 2 ከመኪናው ኋላ፣ 3 ከአናት፣ 6 ከፓራውልቱ ላይ ያሳያሉ። ጣት ስቶ 3ን ከነካ መንገዱ ከላይ ብቻ ይታያል፤ 1ን መጫን ይበቃዋል። ወንበሩ ዝቅ ብሎ መሪው መንገዱን ከጋረደ ደግሞ በኤፍ 4 ከፍታውንና የእይታውን ስፋት ማስተካከል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ እይታ የሚቀየረው በሲ ነው፤ በዚያው ዓመት ለኮምፒውተር በወጣው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ደግሞ በቪ። በሳን አንድሪያስ መኪና ውስጥ ኪው ወደ ግራ፣ ኢ ወደ ቀኝ ያሳያል፤ ሁለቱ አብረው ሲያዙ ወደ ኋላ። አንዱ ቁልፍ ተጣብቆ ከቀረ ካሜራው ወደ ጎን ዞሮ ይቀራል፤ እዚህ ላይ መጠገን ያለበት ኪቦርዱ ነው።

ሁለተኛው ካሜራው ማንም ሳይነካው ሲዞር ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ጆይስቲኩን ነቅሎ ማየት። መዞሩ ከቆመ ጥፋቱ የጆይስቲኩ ነው። ብዙ ያገለገለ ዱላ ሲለቀቅ ወደ መሀል አይመለስም፤ ጌሙም ተጫዋቹ እየገፋው ይመስለዋል። በዊንዶውስ የጌም ኮንትሮለር መስኮት ካሊብሬት ማድረግ፣ ካልሆነም በጌሙ ሴቲንግ ዴድ ዞን የሚባለውን፣ ማለትም የዱላው ትንሽ ንቅናቄ የማይቆጠርበትን ክልል፣ ጨመር ማድረግ ይረዳል። ርካሽ ጆይስቲኮች ላይ "አናሎግ" የሚል ቁልፍ አለ። መብራቱ ሲጠፋ ዱላው ቀስ ብሎ መዞሩን ትቶ እንደ አቅጣጫ ቁልፍ ብቻ ይሠራል።

ሦስተኛው ማውስ ነው። ሳን አንድሪያስ በአዳዲስ ዊንዶውስ ላይ ሲጫን ማውሱ ካሜራውን ማዞር የሚያቆምበት የታወቀ ችግር አለበት። በዶክመንትስ ውስጥ የጌሙ ስም ባለው ፎልደር፣ gta_sa.set የሚባለውን ፋይል ማጥፋት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል፤ ጌሙ ሲከፈት አዲስ ይሠራል። የሚጠፋው ሴቲንግ ብቻ ነው። ሴቭ የተደረጉት ጨዋታዎች ግን እዚያው ፎልደር ውስጥ ስለሆኑ ፎልደሩን ሙሉ መሰረዝ አይገባም። ማውሱ ካሜራውን ትቶ መሪውን የሚያዞር ከሆነ ደግሞ በማውስ መንዳት የሚለው ምርጫ በርቷል ማለት ነው፤ ይህ ምርጫ በሳን አንድሪያስም በዩሮ ትራክም አለ። በላፕቶፕ ተችፓድ የሚጫወት ሰው፣ ኪቦርድ ሲነካ ተችፓዱ ለጊዜው እንዲደነዝዝ ተደርጎ ሊሆን እንደሚችል ያስታውስ። እንደ ፓወር ግዕዝ ወይም ኪይማን ያለ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በርቶ ከቀረም አንዳንድ የፊደል ቁልፎች ለጌሙ ላይደርሱት ይችላሉ፤ ከመጀመር በፊት ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነው።

አራተኛው ካሜራው የሚዘገይ ወይም የሚንቀጠቀጥ ሲመስል ነው። እዚህ ላይ የሚደክመው ማሽኑ እንጂ ካሜራው አይደለም። በዩሮ ትራክ ስፖኪዮው መንገዱን እንደገና ስለሚስል ደካማ ግራፊክስን ይጫነዋል፤ የስፖኪዮውን ጥራት፣ ጥላውንና ሪዞሉሽኑን መቀነስ ያቀለዋል። በሳን አንድሪያስ የምስሉን ፍጥነት የሚገድበው ፍሬም ሊሚተር እንደበራ ይቆይ፤ ሲጠፋ የመኪናው አነዳድ ራሱ ይዛባል። ሞስት ዋንትድ በሰፊ ስክሪን ላይ መኪናውን ለጥጦ ቢያሳይ ግን ብልሽት አይደለም፤ ጌሙ የተሠራው ሰፊ ላልሆነው የድሮ ስክሪን ነው።

ከእነዚህ ፍተሻዎች አንዱም ኢንተርኔት አይጠይቅም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንደታየው፣ መፍትሔን ከድረ ገጽ መፈለግ ሁልጊዜ አይቻልም። መብራት በድንገት ሲጠፋም በመጻፍ ላይ ያለ ሴቲንግ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ጌም ቤት ውስጥ ሌላም ጣጣ አለ። ዩሮ ትራክ የቁልፍ ምርጫን በየተጫዋቹ ፕሮፋይል ለይቶ ያስቀምጣል። ሳን አንድሪያስ ግን ለሁሉም አንድ ፋይል ስላለው፣ አንዱ ያበላሸውን ሌላው ይወርሳል።

ስለዚህ ጌም ቤት ያላችሁ፣ ጌሙ ደህና በሚሠራበት ቀን የሴቲንግ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጡ፤ የካሜራ ቁልፎቹንም ጽፋችሁ ከስክሪኑ አጠገብ ለጥፉ። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ ቁልፉን፣ ቀጥሎ ጆይስቲኩን፣ ከዚያ ማውሱንና ፋይሉን፣ በመጨረሻ የማሽኑን አቅም እዩ። ፎርማት እነዚህ ሁሉ ሳይሠሩ ሲቀሩ ብቻ ይታሰብ።