ተጨማሪ መረጃ፦ ከሰሞን መሬት እስከ ጥቅል ድጎማ

ቀድሞ መንቆረር ትባል ከነበረችው ከደብረ ማርቆስ ጀምሮ እስከ ደብረ ኤልያስና ዲማ ጊዮርጊስ ድረስ ባሉት የጎጃም አድባራት፣ ጥበብ ያለ ስንቅ እንደማይዘልቅ አበው አስቀድመው ተረድተውት ስለ ነበር፣ ለካህናቱና ለመምህራኑ መተዳደሪያ የሚሆን የሰሞን መሬት ይሰጥ ነበር፤ ደበሎ ለባሹ የቅኔ ተማሪ ግን አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ለምኖ በሚያገኘው ቁራሽ ይማር ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ፣ ሙያቸው እየተናቀ፣ ለሥልጠናቸውም የተመደበ መሬት ሳይኖር፣ ጥበባቸውን ከወላጆቻቸው እየወረሱ አቆዩት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የቀድሞውን የመሬት ሥሪት ከሻረ ወዲህ፣ የሰሞን መሬቱን ስፍራ የመንግሥት በጀት ወረሰው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል፤ ድጎማው «ጥቅል» መባሉም ለአንድ ሥራ ብቻ ሳይታሰር ስለሚሰጥ ነው፤ ከእርሱ ለሙያ ሥልጠና የሚደርሰውን ድርሻ የሚቆርጠውም ክልሉ ራሱ ነው። በአንጻሩ፣ የዓለም ባንክ በ2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ፣ ለኬንያና ለታንዛኒያ የክህሎት ማሠልጠኛዎች የፈቀደው ገንዘብ ለተወሰነ ዓላማ የታሰረ ነበር፤ ከተቀባዮቹም አንዱ በአማራ ክልል የሚገኘው የኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው።

ሙያ በልብ ነው ቢባልም፣ የቀጥቃጩ መዶሻና የሸማኔው መወርወሪያ ግን በገንዘብ ይገዛሉና፣ የድጎማን ምንጭ ማወቅ የሙያን ዕጣ ፈንታ ማወቅ ነው።