ጥቁሯ በግ ዳማ ስትሆን

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ነበር። ቦርሳና መርፌ ይዞ የመጣን ሰው ግን ገበሬው ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚለው፤ እኔም ወጣትነት ይዞኝ አላርምም ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ በዝዋይ፣ በዛሬዋ ባቱ፣ ዙሪያ ስሠራ ግን ያ ማዕረግ የከበደኝ ጠዋት አለ።

አንዲት እናት ከጎጇቸው ጀርባ ወሰዱኝና የበግ ግልገል አሳዩኝ። ዕድሜው 3 ሳምንት ቢሆነው ነው። ዓይኑ ጥርት ያለ ነው፤ እናቱ ሥር ሲያስገቡት ጭራውን እየቆላ ይጠባል። «አሁን እየው» አሉና አጨበጨቡ። ግልገሉ ለመሮጥ ተነሣ። የፊት እግሮቹ ቀጥ ብለው ሄዱ፤ ወገቡ ግን እንደ ሰካራም ግራና ቀኝ ተንገዳገደና እንደ ውሻ በመቀመጫው ቁጭ አለ።

«አዙሪት ነው» አለ አንድ ጎረቤት። አዙሪትን አውቀዋለሁ። የውሻ ትል ዕጭ በበግ አንጎል ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሲሠራ የሚመጣ ነው፤ በጓ አንገቷን አዘንብላ ወደ አንድ ወገን ትዞራለች። ይኼ ግልገል አይዞርም። ጭንቅላቱ ደኅና ነው፤ የከዳው ወገቡ ነው። ልዩነቱን እያየሁ የለመድኩትን አደረግሁ፤ የትል መድኃኒት አጠጣሁት፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን ወጋሁት። በሳምንቱ ስመለስ መነሣትም አቅቶታል።

ሴትዮዋ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ እናቱንም እያት እንጂ፤ ስገዛት ከሰል ነበረች፣ ዘንድሮ ዳማ ሆነችብኝ» አሉ። አየኋት። እውነትም ጥቁር የነበረው ጠጉሯ ዝገት መስሏል፤ በዓይኖቿ ዙሪያማ ጨርሶ ነጥቷል። ፀሐይ ነው ብዬ፣ ማስታወሻዬ ላይ እንኳ ሳልጽፈው ሄድኩ።

ከወር በኋላ አንድ አንጋፋ የእንስሳት ሐኪም ለሥራ ወደ አካባቢው መጡ። ወገባቸው ስለሚከዳቸው ግልገሎች ስነግራቸው ጨርሰው አዳመጡኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «የእናቶቹ ጠጉር እንዴት ነው?» ላብ አጠመቀኝ።

ነገሩ የመዳብ እጥረት ነበር። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራበት ያው መዳብ ማለት ነው። ነርቭም እንደ ሽቦ ልባስ አለው፤ መዳብ ያነሳት በግ የምታረግዘው ግልገል የአከርካሪው ነርቭ ልባሱ በቅጡ ሳይሠራለት ይቀራል። ትእዛዙ ከአንጎል ይነሣል፣ የኋላ እግር ጋ ሲደርስ ይበተናል። አንዳንዱ ከሆድ ሲወጣ ጀምሮ መቆም ያቅተዋል፤ አንዳንዱ ደኅና ተወልዶ ከሳምንታት በኋላ ይወድቃል። ጥቁር የጠጉር ቀለምም ያለ መዳብ አይሠራም። እናትየው ዳማ የሆነችው ለዚህ ነው፤ ልጇ ሳይወለድ በሽታውን በቆዳዋ ላይ ጽፋው ነበር።

የሚያስፈልገው መጠን ደግሞ ኢምንት ነው። 1 ቶን ደረቅ መኖ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ግራም መዳብ ካለ በግ ብዙውን ጊዜ ይበቃታል፤ የአንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ክብደት መሆኑ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ሲጎድል በዓይን አይታይም።

ለተመራማሪዎቹም ቢሆን አልታይ ብሎ ነበር። በምዕራብ አውስትራሊያ በለምለም መስክ ላይ እየዋሉ የሚከሱ በጎችና ከብቶች ነበሩ፤ ሊሞናይት የሚባል ብረት አዘል ማዕድን ሲሰጣቸው ይድናሉ። የጎደላቸው ብረት ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1935 ኤሪክ አንደርውድና ባልደረባው ፊልመር ከሊሞናይቱ ብረቱን አውጥተው ቢሰጧቸው አሁንም ዳኑ። ፈዋሹ ከብረቱ ጋር ተደባልቆ የኖረው ኮባልት ነበር፤ 10 ቶን መኖ ውስጥ 1 ግራም ገደማ የሚበቃው ኮባልት። በበግ ጨጓራ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ቫይታሚን ቢ12 የሚሠሩት በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ እዚያው አገር ቤኔትስና ቻፕማን ግልገሎችን ወገበ ሰባራ የሚያደርገው የመዳብ እጥረት መሆኑን አሳወቁ። በእኛ ስምጥ ሸለቆም ይኸው በሽታ በበግና በፍየል ግልገሎች ላይ መኖሩን ፒተር ሮደር እ.ኤ.አ. በ1980 ጽፎ አሳትሟል። እኔ ግልገሉን ስወጋ ጽሑፉ ወጥቶ ነበር፤ እኔ ዘንድ አልደረሰም እንጂ።

«ታዲያ በጎቻችን ጨው መች አጡ?» አሉኝ ሴትዮዋ ነገሩን ስነግራቸው። ጥያቄያቸው ልክ ነው። የእኛ አርቢ ከብቱን ሆራ ያወርዳል፣ ከሐይቆቹ ዳር የሚቆፈረውን ቦሌ ያስልሳል፣ ሲሆንለት ከአፋር የመጣ አሞሌ ይገዛል። እነዚህ በዋናነት የሚሰጡት ሶዲየም ነው፤ በእነሱ ብቻ ግን የመዳብ ጉድለት አይሞላም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ መዳቡ ሣሩ ውስጥ እያለም በጓ ላታገኘው መቻሏ ነው። ቦረቅ በሚበዛበትና ውኃ በሚያቁር አፈር ላይ የበቀለ ሣር ሞሊብደነም የሚባለውን ማዕድን አብዝቶ ይስባል። ሞሊብደነሙ በበጓ ጨጓራ ከድኝ ጋር ይገጥምና መዳቡን ጠፍሮ ይይዘዋል፤ የተያዘው መዳብ ከፋንድያ ጋር ይወጣል። ስለዚህ ሐይቅ ዳር ያለው አረንጓዴ መስክ ሆድ ይሞላል፣ ወገብ ግን ላያቆም ይችላል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ መዳብ የሁሉ ነገር መፍትሔ መሰለኝ። ሁለተኛው ጥፋቴ ይህ ነው። ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ለፋሲካ የሚያደልበው ሙክት ምግብ ቀነሰ፣ ጠጉሩ ደበዘዘ። ምን እንደሚበላ ሳልጠይቅ ሰማያዊውን የመዳብ ሰልፌት በውኃ በጥብጬ በየሳምንቱ አጠጣሁት። ለካስ ሰውዬው የእንቁላል ዶሮ መኖ ነበር የሚያበላው፤ የዶሮ መኖ ውስጥ ደግሞ ለበግ ያልታሰበ መዳብ አለ። በጉ ለሳምንታት ደኅና መሰለ። አንድ ቀን ጭንቅላቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቆሞ አገኘነው። የዓይኑ ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል፤ ሽንቱ የቡና አተላ ይመስላል። በሁለተኛው ቀን ሞተ። ሲከፈት ኩላሊቱ ጠቁሮ ነበር።

በግ ከከብትም ከፍየልም ይልቅ በመዳብ የምትጎዳ እንስሳ ናት። የተረፋትን ቶሎ አታስወግድም፤ ጉበቷ እያጠራቀመ ይቆይና ሲሞላ በአንድ ጊዜ ደሟ ውስጥ ይለቀዋል፣ ቀይ የደም ሕዋሶቿም ይፈራርሳሉ። ስለዚህ ዛሬ በግ የሚያደልብ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የማየው ገንዳውን ነው። የዶሮ መኖ ወይም ኩስ ካገኘሁ አስነሣለሁ። የማዕድን ጡብ ሲገዛም ለበግ የተዘጋጀ መሆኑን እንዲጠይቅ እነግረዋለሁ። መዳብ መስጠት የሚገባው ደም ወይም ጉበት ተመርምሮ ማነሱ ሲታወቅ ነው፤ ያኔም በባለሙያ ልኬት እንጂ በማንኪያ ግምት አይደለም።

የዚያች እናት ግልገል አልተረፈም። ወገቡ አንዴ ከተጎዳ በኋላ የሚደረስለት ጥቂቱ ነው፤ መድረስ ያለብን እርግዝናው አጋማሽ ላይ፣ ለእናቲቱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በሐኪሙ ልኬት እንደዚያ አደረግን። ከወለደች በኋላ ብቅ ስል ሴትዮዋ ግልገሉን አላሳዩኝም፤ እሱማ ግቢውን ሲያምሰው እያየሁት ነው። በጓን ያዙና የጀርባዋን ጠጉር በሁለት እጃቸው ገለጥ አደረጉልኝ። ጫፉ ዳማ፣ ሥሩ ከሰል።