አንዱ ሲያወጣ ሰባው ሲቀበል፦ ተማሪ ሶሎ ተጫዋቾችና የዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራዎች

በብዙ አገሮች የሙዚቃ ትምህርት በሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮንሰርቫቶሪዎች በየዓመቱ በጉጉት የሚጠበቅ አንድ ምሽት አለ። በዚያ ምሽት ከተማሪዎች መካከል በውድድር የተመረጡ ጥቂቶች ተራ በተራ ወደ መድረኩ ፊት ወጥተው ከኦርኬስትራው መሪ ጎን ይቆማሉ፤ የትምህርት ጓደኞቻቸው ደግሞ ከኋላቸው ተቀምጠው ያጅቧቸዋል። ለታዳሚው ይህ የአንድ ምሽት ዝግጅት ነው። ለተማሪው ግን የብዙ ዓመታት ልፋት በጥቂት ደቂቃዎች የሚመዘንበት፣ ምናልባትም በሕይወቱ ዳግም የማያገኘው ዕድል ነው። ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ከሚመረቁት መካከል በሶሎ ተጫዋችነት ኑሯቸውን የሚመሩት እጅግ ጥቂቶች ናቸውና፤ አብዛኞቹ የኦርኬስትራ አባላት፣ አጃቢዎች ወይም መምህራን ይሆናሉ።

ኮንቼርቶ ምንድን ነው?

አንድ ሶሎ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር እየተቀባበለ እንዲጫወተው የተጻፈ ድርሰት ኮንቼርቶ ይባላል። ቃሉ የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። ድርሰቱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያው ፈጣን፣ ሁለተኛው ዝግ ያለ፣ ሦስተኛው እንደገና ፈጣን ነው።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያውያን ጆሮ እንግዳ አይደለም። በሠርግ ቤት አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፤ በቤተ ክርስቲያን ዜማም መሪና ተመሪ አሉ። ልዩነቱ በኮንቼርቶ ውስጥ ተቀባዩ የአውጪውን ዜማ ሁልጊዜ የማይደግም መሆኑ ነው። ኦርኬስትራው አንዳንድ ጊዜ ሶሎ ተጫዋቹን ይቀድመዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ይሞግተዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ዝም ብሎ ብቻውን ይተወዋል። ይህ የብቻ ጊዜ ካዴንዛ ይባላል። በቀደመው ዘመን ተጫዋቹ ካዴንዛውን ከራሱ አፍልቆ ይጫወት ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኞቹ ተማሪዎች አስቀድሞ የተጻፈውን አጥንተው ይቀርባሉ።

ከቬኒስ እስከ ሴንት ፒተርስበርግ

ተማሪን በኦርኬስትራ ፊት ማቆም አዲስ ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1703 አንቶኒዮ ቪቫልዲ በቬኒስ ከተማ ፒየታ በተባለው የሕፃናት ማሳደጊያ የቫዮሊን መምህር ሆኖ ተቀጠረ። በማሳደጊያው የሚኖሩት ልጃገረዶች ከልጅነታቸው ጀምሮ ሙዚቃ ይማሩ ነበር፤ ቪቫልዲም ከበርካታ ኮንቼርቶዎቹ ብዙዎቹን የጻፈው ለእነርሱ ነው። ወላጆቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ ልጃገረዶች የአውሮፓ መንገደኞች ሊያዳምጧቸው የሚመጡ ሙዚቀኞች ሆኑ።

ሌላው የታወቀ ምሳሌ ሰርጌይ ፕሮኮፊየቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 በሴንት ፒተርስበርግ ኮንሰርቫቶሪ ትምህርቱን ሲያጠናቅቅ ለፒያኖ ተማሪዎች በሚደረገው ውድድር ላይ የጥንት ሊቃውንትን ሥራ በመምረጥ ፈንታ ራሱ የደረሰውን የመጀመሪያ የፒያኖ ኮንቼርቶ ይዞ ቀረበ። የተቋሙ ዳይሬክተር አሌክሳንደር ግላዙኖቭ በውጤቱ ደስተኛ ባይሆንም፣ የ23 ዓመቱ ወጣት አሸነፈ፤ ሽልማቱም ፒያኖ ነበር።

ምርጫው እንዴት ይካሄዳል?

ዝርዝር ደንቡ ከተቋም ተቋም ቢለያይም አካሄዱ ተቀራራቢ ነው። ተማሪው ከመምህሩ ጋር ተመካክሮ ድርሰት ይመርጣል፤ ወራትን ወስዶም በቃሉ ያጠናዋል። በውድድሩ ቀን ኦርኬስትራ አይኖርም፤ የኦርኬስትራውን ድርሻ አንድ ፒያኖ ተጫዋች ብቻውን ተክቶ ያጅባል። ዳኞች ያዳምጣሉ፤ ያሸነፉት ከወራት በኋላ ከኦርኬስትራው ጋር እንዲጫወቱ ቀን ይቆረጥላቸዋል። ብዙውን ጊዜ አንድ ተማሪ ድርሰቱን በሙሉ ሳይሆን አንዱን ክፍል ብቻ ያቀርባል፤ በዚህም በአንድ ምሽት ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች ዕድል ያገኛሉ።

ዳኝነቱ ቀላል አይደለም። ፒያኖና ቫዮሊን ለቁጥር የሚያዳግቱ ኮንቼርቶዎች ሲኖሯቸው ለቱባ ወይም ለኮንትራባስ የተጻፉት ጥቂት ናቸው። የትራምፔት ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1796 ሃይደን የጻፈውን ሲያቀርብና የፒያኖ ተማሪ የራክማኒኖቭን ሥራ ሲያቀርብ፣ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ያስቸግራል። ስለዚህ ዳኞች ከጣት ፍጥነት ይልቅ የዜማውን አያያዝና የድምፁን ጥራት፣ እንዲሁም ተማሪው አጃቢውን ምን ያህል እንደሚያዳምጥ ይመለከታሉ።

ብቻውን ያጠናው ሲፈተን

ከኦርኬስትራ ጋር የሚደረገው ልምምድ እጅግ አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ተማሪው በጥናት ክፍል ውስጥ ከቶ ያላጋጠመው ነገር ይገጥመዋል።

የመጀመሪያው ርቀት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከኋላ 15 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ክላርኔት ድምፁ ከፊት ለቆመው ሶሎ ተጫዋች የሚደርሰው ከሰከንድ አራት መቶኛ ያህል ዘግይቶ ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በሰከንድ አሥር ኖታ ለሚጫወት እጅ የአንድ ኖታ ዕድሜ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ስለዚህ ጆሮውን ብቻ የተከተለ ተማሪ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የመሪውን እጅ በዓይኑ መከተል አለበት።

ሁለተኛው የድምፅ ሚዛን ነው። አንድ ቫዮሊን ከኋላው ያሉትን በርካታ ቫዮሊኖች፣ ቪዮላዎችና ቼሎዎች በጉልበት ሊያሸንፍ አይችልም። ደራሲዎች ይህን አውቀው ሶሎው በሚገባበት ቦታ አጀባውን ያሳሳሉ፤ መሪውም ኦርኬስትራው ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ያዛል። ተማሪው በበኩሉ መጮኽን ትቶ ጥርት ያለ፣ እስከ አዳራሹ ዳር የሚዘልቅ ድምፅ ማውጣትን ይማራል።

ሦስተኛው ትዕግሥት ነው። በቤትሆቨን የቫዮሊን ኮንቼርቶ ኦርኬስትራው ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻውን ሲጫወት ሶሎ ተጫዋቹ በሕዝብ ፊት ቆሞ ይጠብቃል፤ እጁ ሳይቀዘቅዝ፣ ልቡም ሳይሸሽ መግባት አለበት። በሜንደልሰን የቫዮሊን ኮንቼርቶ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ተጫዋቹ ገና ከመነሻው፣ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ዜማውን ይጀምራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የመርሳት ሥጋት አለ። ብቻውን የሚጫወት ሰው ቢሳሳት ቆም ብሎ መመለስ ይችል ይሆናል፤ ኦርኬስትራ ግን አይጠብቅም። ጥሩ መምህር ተማሪው ከጠፋበት ሳይደናገጥ የሚገባባቸውን ቦታዎች አስቀድሞ ያስጠናዋል። ንቁ መሪም የጠፋውን ተማሪ ፈልጎ ኦርኬስትራውን ወደ እርሱ ያደርሳል። ተማሪው ብቻውን እንዳልቆመ የሚረዳው በዚያች ቅጽበት ነው።

በአካባቢው አገሮችና በአዲስ አበባ

በመካከለኛው ምሥራቅ የዚህ ዓይነት ሥልጠና የሚሰጡ ተቋማት አሉ። የካይሮ ኮንሰርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ተመሥርቷል። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የቡክማን-ሜታ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከእስራኤል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር በትብብር ይሠራል፤ የራሱ የተማሪዎች ኦርኬስትራም አለው።

በኢትዮጵያ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖና ቫዮሊንን ከክራር፣ ከማሲንቆና ከዋሽንት ጎን ያስተምራል። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በዩናይትድ ስቴትስ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረዋል።

ከኋላ የተቀመጡት

እንዲህ ያለውን ዝግጅት ለማየት የሙዚቃ ዕውቀት አያስፈልግም፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያው ነፃ ወይም ዋጋው አነስተኛ ነው። ከመጀመሩ በፊት ኦቦ አንድ ድምፅ ያሰማል፤ ሁሉም መሣሪያውን ከዚያ ጋር ያስተካክላል። ሶሎው ፒያኖ ከሆነ ግን በዚያ ሰዓት ሊቃኝ ስለማይችል ሌሎቹ ከፒያኖው ጋር ይስማማሉ። በድርሰቱ ክፍሎች መካከል ዝም ማለትና ጭብጨባን ለፍጻሜው ማቆየት የተለመደ ነው።

የታዳሚው ዓይን በፊት በቆመው ተማሪ ላይ ማረፉ አይቀርም። ከኋላ ከተቀመጡት መካከል ግን በዚያው ውድድር ተወዳድረው ያላሸነፉ፣ ያንኑ ድርሰት ለወራት ያጠኑ ተማሪዎች ሊኖሩ ይችላሉ። እነርሱ በዚያ ምሽት የሚጠበቅባቸው ያሸነፋቸው ጓደኛቸው እንዳይወድቅ ደግፈው መያዝ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ዝግጅት በየዓመቱ የሚደግሙት ኮከብ ለመፍጠር ብቻ አይደለም። ማውጣት የሚችል ሰው መቀበልንም እንዲያውቅ ለማድረግ ነው፤ አብዛኞቹ ተመራቂዎች ዕድሜ ልካቸውን የሚሠሩትም ይህንኑ ነውና።